ክሎሮፊሉ እኩል ከሆነ የአልጌው ዓይነት ምን ያመጣል?

#1 ሞገድ_7
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ለአንድ ሥራ ሁለት የባሕር ዳርቻ ቦታዎችን እያወዳደርኩ ነው፣ ሁለቱም ሰላጤ ነገር ናቸው፣ አንዱን ሀ ሌላውን ለ እንበላቸው። የሳተላይት ካርታው ላይ ሁለቱም ያው አንድ ቀለም ናቸው፣ ክሎሮፊላቸው (የአልጌው አረንጓዴ ቀለም) በሜትር ኪዩብ ወደ 5 ሚሊግራም። ስለዚህ እኔ እኩል ያመርታሉ ብዬ ደምድሜ ነበር። ግን ሀ ላይ ዓሣው ይተራመሳል ወፉ ይጮሃል፣ ለ ላይ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ምንም የለም፣ ጭር ያለ ነው። የባሰው ደግሞ የፕላንክተን መረብ ጎትቼ ሀ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ሞልቶ ወጣ፣ ለ ላይ መረቡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ "የዝርያ ስብጥሩ ነው" ይለኛል። እኔ አልተዋጠልኝም። ፎቶሲንተሲስ ፎቶሲንተሲስ ነው፣ ስኳር ስኳር ነው። 1 ዝርያ ሠራው 200 ዝርያ ሠራው ያው ካርቦን ነው፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ። ተሳስቼ ከሆነ በሂሳብ አሳዩኝ፣ "ብዝኃ ሕይወት ጥሩ ነው" የሚለውን መፈክር ግን አልፈልግም።

#2 እንግዳ_22
አልጌ ማለት ያ ገንዳ ግድግዳ ላይ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር አይደለም እንዴ? እሱ ደሞ ዓይነት አለው?

#3 ባለሌንሱ
ዓይነትማ ምን ጠፍቶ! መጽሐፍ ላይ "ዋቅላሚ" ይሉታል፣ እኔ ግን ሰው በአፉ ሲለው ሰምቼ አላውቅም ስለዚህ አልጌ እንበል። ባሕር ውስጥ ተንሳፈው የሚኖሩት፣ በዓይን የማይታዩት፣ ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ። ከነሱ ውስጥ ዳያቶም የሚባለው በብርጭቆ ቤት ውስጥ የሚኖር ነው፣ እውነቴን ነው፣ ቅርፊቱን ከሲሊካ ነው የሚሠራው። ኮኮሊቶፎር የሚባሉት ደግሞ ሰውነታቸውን በኖራ ሳህን ይሸፍናሉ፣ ሲበዙ ውሃው ወተት የተደፋበት ይመስልና ከጠፈር ይታያል። ዳይኖፍላጀሌቶች ሁለት ጅራፍ አላቸው፣ ይዋኛሉ፣ ብዙዎቹ ፎቶሲንተሲስም ይሠራሉ ሌላውንም ይውጣሉ። ከዛ ደግሞ እንደ ሲኔኮኮከስ ያሉ ሳያኖባክቴሪያዎች አሉ፣ እነሱ ዘራቸው ባክቴሪያ ነው።

መጠናቸውን ተመልከት። ትንሹ ፕሮክሎሮኮከስ 0.6 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ትልልቆቹ ዳያቶሞች በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮን ይደርሳሉ። ወርዱ 500 እጥፍ ከሆነ ይዘቱ ከ100 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። እና ሁለቱንም "አረንጓዴ ነገር" ብለን በአንድ ቁጥር ልናስቀምጥ ነው? ታራ የምትባለው የምርምር ጀልባ ከ2009 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.፣ እዚህ ቤት ዓመተ ምህረት ሁሉ እንደዛ ነው) ዓለምን ዞራ ከሰበሰበችው ውሃ በዲኤንኤ ብቻ ወደ 150,000 የሚጠጉ ዓይነቶች ተለይተዋል፣ አልጌውም አልጌ በሉም ተደምሮ፣ ባክቴሪያዎቹ ሳይቆጠሩ። እስከዛ ድረስ ስም ወጥቶላቸው የነበሩት ግን 11,000 ገደማ ነበሩ።

ሞገድ_7፣ ያንተ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ክሎሮፊል ምርት አይደለም። በዓመት በምድር ላይ ከሚሠራው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉን የሚሠሩት እነዚህ ደቃቆች ናቸው፣ ክብደታቸው ግን ከዓለም እፅዋት ሁሉ 1 በመቶ አይሞላም። እንዴት ሆነ? ዛሬ ተወልዶ ነገ ስለሚበላ ነዋ። ክሎሮፊል ማለት አሁን ኪስህ ውስጥ ያለው ገንዘብ ነው እንጂ ገቢህ አይደለም። ብዙ አግኝቶ ወዲያው የሚያወጣ ሰውና ትንሽ አግኝቶ የሚቋጥር ሰው ኪሳቸው እኩል ሊሆን ይችላል። በዛ ላይ አንዱ ሴል ብርሃን ሲያንሰው ክሎሮፊሉን ይጨምራል፣ ብርሃን ሲበዛበት ይቀንሳል፣ ሳይወፍር ሳይከሳ። ስለዚህ 5 እና 5 እኩል መሆናቸው ብዙም አይገርምም።

#4 ቆጣሪው
ሂሳብ ያልከው ደስ አለኝ። በ1969 ራይተር የሚባል ሰው ሳይንስ መጽሔት ላይ ያሰላትን ላምጣልህ፣ ቁጥሮቹ ላይ ከዛ ወዲህ ብዙ ጭቅጭቅ አለ ግን ሐሳቡ እስካሁን ይሠራል።

ሚሊዮን ኪሎ አልጌ አለህ እንበል። ሜዳ ባሕር ላይ አልጌው ደቃቅ ስለሆነ ዓሣ በቀጥታ ሊበላው አይችልም። መጀመሪያ ባለ አንድ ሴል እንስሳ ነገር ይበላዋል፣ ያንን ትንሽ የሚበልጠው ይበላዋል፣ ከዛ ኮፔፖድ የሚባል ደቃቅ እንስሳ፣ ከዛ ትንሽ ዓሣ ምናምን እያለ 5 ደረጃ ይሄዳል። በየደረጃው 10 በመቶ ብቻ ያልፋል ካልን መጨረሻ ላይ የሚተርፍህ 10 ኪሎ ነው። አዎ አስር ኪሎ!

መደበኛ ባሕር ዳርቻ 3 ደረጃ በ15 በመቶ ብትል 3,375 ኪሎ። ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋባቸው እንደ ፔሩ ያሉ ዳርቻዎች ላይ ግን ዳያቶሞቹ ትልልቅና ሰንሰለት የሠሩ ስለሆኑ መንገዱ 1 ወይም 2 ደረጃ ነው፣ 2 ደረጃ በ20 በመቶ ብትል 40,000 ኪሎ።

40,000 እና 10። አንድ ዓይነት ሚሊዮን ኪሎ አልጌ ነው። ፔሩ በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ ያወጣችው ውሃዋ በተአምር አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ መንገዱም አጭር ስለሆነ ነው። (በ1972 ኤል ኒኞና ከልክ ያለፈ ማጥመድ ተባብረው እንዴት እንዳወረዱት ሌላ ታሪክ ነው።)

#5 ሞገድ_7
ኧረ 40,000 እና 10 ያስደነግጣል። እሺ ተሸነፍኩ... ግን ግማሽ ነው የተሸነፍኩት! ይሄ እኮ የመጠን ጉዳይ ነው እንጂ የብዛት አይደለም። ትልቅ የሆነ አንድ ጎበዝ ዳያቶም ብቻ ባሕሩን ቢሞላው ከዚህ ሂሳብ ምን ይጎድላል? 200 ዝርያ ለምን አስፈለገ? ጉልቻው ሳይሆን ሥጋው ነው የተቀየረው ካላችሁኝ እሺ፣ ግን አንድ ዓይነት ጥሩ ሥጋ ይበቃል።

#6 ተጠራጣሪው
ልክ ነው ልጁ። እኔ ይሄን "ስብጥር ሲጨምር ምርት ይጨምራል" የሚለውን ነገር ሰው እንደ ጸሎት ሲደግመው ይደክመኛል፣ ድር ቢያብር ምናምን እየተባለ። ዳታው ምን እንደሚል እዩ። በ2004 ኔቸር መጽሔት ላይ ኢሪጎየንና ጓደኞቹ ከተለያዩ ባሕሮች ሰብስበው ሲያዩት የአልጌ ስብጥር ከፍተኛ የሚሆነው መሀል ላይ ነው፣ ውሃው በጣም ደሃ ሲሆን ይቀንሳል፣ አልጌው ሲፈነዳ (በአንዴ ሲበዛ) ደግሞ ዝቅ ይላል። ማለትም ባሕሩ በአልጌ የጠገበበት ቀን ስብጥሩ ያነሰበት ቀን ነው፣ አንድ ወይም ሁለት ዝርያ ሜዳውን ይዞታል። ስለዚህ ብዝኃነት ምርት ያመጣል የምትሉ ሰዎች ይሄን ንገሩኝ።

#7 ደለል
ተጠራጣሪው ያልከው እውነት ነው፣ ግን አንድ ነገር ደባልቀሃል። የፈነዳበት ቀን የተከማቸበት ቀን ነው። ባለሌንሱ እንዳለው ኪስና ገቢ ይለያያል፣ ያ ሁሉ አልጌ የተከማቸው አንድም በፍጥነት ስላደገ ነው አንድም የሚበላው ስላልደረሰበት ነው። ደግሞ ዘላቂ አይደለም፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ሲሊካው ወይ ናይትሮጅኑ በቀናት ውስጥ ያልቅና ያ ሁሉ ዳያቶም ተጣብቆ ወደ ታች ይዘንባል። ከዛስ? ባሕሩ እስከሚቀጥለው ዓመት ይተኛል? አይተኛም። ዳያቶም ሲሊካ አልቆበት ሲወርድ የተረፈችውን ናይትሮጅን ደቃቆቹ ይለቅሟታል፣ ትንሽ ሴል ከይዘቱ አንጻር ቆዳው ሰፊ ስለሆነ ጭላጭ ውሃ ውስጥ እንኳ ይኖራል። ውሃው ሞቆ ተደራርቦ ላይኛው ከምግብ ሲራቆት ዳይኖዎቹ (ዳይኖፍላጀሌቶቹ) ይመጣሉ፣ ሌሊት ወደ ታች ዋኝተው ናይትሬት (ናይትሮጅን ያለበት ምግብ) ይቀዳሉ ቀን ወደ ብርሃኑ ይመለሳሉ። ቅብብሎሽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሯጭ እንዲኖርህ ተራ የሚጠብቁ ያስፈልጉሃል፣ ተራቸውን ሲጠብቁ ደግሞ ጥቂት ሆነው በሳምፕልህ ውስጥ ይታያሉ፣ 200 ዝርያ የምትለው አብዛኛው እሱ ነው።

ብርሃን ላይም እንደዛው ነው። ክሎሮፊል ሰማያዊና ቀይ ይወስዳል አረንጓዴውን ይተዋል። ዳርቻ ላይ ግን ወንዝ ይዞት የሚመጣው ሻይ መሳይ ነገር ሰማያዊውን ቀድሞ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ብዙ የሚተርፈው አረንጓዴ ብርሃን ነው። ዳያቶሞች ፉኮዛንቲን የሚባል ቡናማ ቀለም ስላላቸው ከሱ ይቆነጥራሉ፣ ከሲኔኮኮከስ ውስጥ ደግሞ ፋይኮኤሪትሪን ያላቸው ቀያዮቹ አረንጓዴውን በደንብ ይበሉታል። አንድ ዝርያ ብቻ ቢሆን ከላይ የሚገባው ብርሃን ከፊሉ ሳይነካ ያልፍ ነበር።

በ2008 የወጣ ከስካንዲናቪያ አገሮች ሐይቆችና ከባልቲክ ባሕር የተሰበሰቡ ብዙ ሺህ ሳምፕሎችን ያየ ጥናት አለ፣ ያገኙት ነገር ለተመሳሳይ ፎስፈረስ ስብጥሩ የበዛበት ውሃ የበለጠ አልጌ ይይዛል፣ መወዛወዙም ያንሳል። የእርሻ ቋንቋ ብትፈልግ በአንድ ማዳበሪያ ብዙ ማፈስ በለው።

#8 ተጠራጣሪው
አብረው ተገኙ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ንጹሕ ውሃ ራሱ ሁለቱንም አምጥቶ ሊሆን ይችላል። ላብራቶሪ ውስጥ ዝርያ እየቀላቀሉ ሲሞክሩትስ?

#9 ደለል
ላብራቶሪ ውስጥ ቅልቅሉ ብዙ ጊዜ ከነጠላዎቹ አማካይ ይበልጣል፣ ከነጠላዎቹ ምርጥ ግን መብለጡ ብርቅ ነው። እዚህ ጋ ላንተ ነጥብ ሰጥቻለሁ 😀 ግን ጠርሙስ ውስጥ ሙቀቱም መብራቱም ምግቡም ቋሚ ነው፣ ስለዚህ ምርጥ የሚባል አንድ ዝርያ ይኖራል። ባሕሩ ግን ምርጡ ማን እንደሆነ በየሳምንቱ ይቀያይራል። ሃቺንሰን በ1961 "የፕላንክተን እንቆቅልሽ" ያለው እኮ ይሄንኑ ነው፣ በንድፈ ሐሳቡ ከሄድን እንዲህ በተደባለቀ ውሃ ውስጥ ጥቂት ምግብ ላይ የሚሻሙ ዝርያዎች አንዱ ሌላውን ጨርሶ ማስወጣት ነበረበት፣ አላስወጣም፣ ለምን? እሱ ከሰጣቸው መልሶች አንዱ አሸናፊው አሸንፎ ሳይጨርስ ጨዋታው ይቀየራል የሚል ነው።

#10 እንግዳ_22
ይቅርታ ከርዕስ ወጣሁ፣ ሌሊት ባሕር ሲነካ ሰማያዊ የሚያበራው እነዚህ ናቸው?

#11 ባለሌንሱ
አዎ አብዛኛውን ጊዜ ዳይኖፍላጀሌት ነው፣ ኖክቲሉካ የሚባለው ታዋቂ ነው። አብዛኞቹ ኖክቲሉካዎች ግን ራሳቸው ፎቶሲንተሲስ አይሠሩም፣ ዳያቶም በሊ ናቸው። አልጌ ልበለው ወይስ እንስሳ እስካሁን አፌን ይይዘኛል።

#12 ጨው_ውሃ
የሲሊካውን ነገር ደለል ጠቅሶት አለፈ፣ እኔ ግን የዚህ ጥያቄ ልቡ እዛ ጋ ይመስለኛል።

አልጌ በአማካይ ለ1 ፎስፈረስ 16 ናይትሮጅን ይፈልጋል፣ ሬድፊልድ የሚባለው ሰውዬ ነው ያገኘው። ዳያቶም ግን በላዩ ላይ ለያንዳንዱ ናይትሮጅን አንድ ገደማ ሲሊኮን (የሲሊካውን መሥሪያ) ይፈልጋል፣ ቤቱን የሚሠራበት። ሰው ወንዝ ላይ የሚያደርገውን እስቲ እዩ። ማዳበሪያና ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይጨምራሉ፣ ሲሊካ ግን አይጨምሩም፣ ሲሊካ የሚመጣው ከድንጋይ መሟሟት ነው። ግድብ ሲሠራ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ያሉ የወንዝ ዳያቶሞች ሲሊካውን ይዘው እዛው ይሰምጣሉ። ስለዚህ ዳርቻው ጋ የሚደርሰው ውሃ ምግቡ በዝቷል የብርጭቆው ቁሳቁስ ግን ቀንሷል። ማን ይጠቀማል? ብርጭቆ የማይፈልገው። ክሎሮፊሉ ሊጨምር ሁሉ ይችላል እኮ፣ ካርታህ ላይ "ምርታማ" ብሎ ይወጣልሃል፣ ተቀባዩ ግን ተቀይሯል።

ጥቁር ባሕርን ውሰዱ። ዳኑብ ላይ የብረት በር የሚባለው ግድብ በ1972 ካለቀ በኋላ ሰሜን ምዕራቡ ዳርቻ ላይ ዳያቶም ያልሆኑት፣ ኮኮሊቶፎርና ዳይኖ ምናምን፣ ፍንዳታቸው እየበዛ መጣ። ታች ያለው ውሃ ኦክስጅን እያጣ ብዙ ነገር አለቀ። በ80ዎቹ ደግሞ በመርከብ የመጣ ኔሚዮፕሲስ የሚባል ጄሊ ነገር ገባና ዙፕላንክተኑን (ተንሳፋፊዎቹን ደቃቅ እንስሳት) ጠራርጎ በላው፣ በ1989 አካባቢ አንቾቪው ወደቀ።

ሌላው አስዋን ነው። ድሮ የዓባይ ጎርፍ በየዓመቱ ሜዲትራኒያን ሲደርስ ደለሉ ይዞት የመጣው ምግብና ሲሊካ ከዴልታው ፊት ለፊት ትልቅ የዳያቶም ፍንዳታ ያስነሳ ነበር፣ ሰርዲኑ እሱን ተከትሎ ይመጣል። ግድቡ ከ1964 ጀምሮ ውሃ መያዝ ጀመረ፣ ፍንዳታው ቀረ፣ በ1962 ወደ 18,000 ቶን የነበረው የሰርዲን ምርት በ1968 500 ቶን እንኳ አልሞላም።

#13 ተጠራጣሪው
ሁለቱም ላይ ግን አለኝ። የብረት በር ሐይቅ ላይ ቆይተው የተለኩት እንዳሳዩት ያ ሐይቅ ብቻውን የሚይዘው ሲሊካ መጀመሪያ ከተባለው በጣም ያነሰ ነው፣ ከላይ ያሉት ብዙ ግድቦች ተደምረው ነው። አስዋን ደግሞ ታሪኩን መሀል ላይ ቆረጥከው፣ ከ80ዎቹ ጀምሮ ዓሣው ተመልሷል እኮ፣ ያውም ጎርፉ ሳይመለስ። የመለሰው ማዳበሪያና የከተሞቹ ፍሳሽ ነው። ስለዚህ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከመጣ ዓሣ ይመጣል፣ ማን እንደሠራው ምን ገደደን?

#14 ጨው_ውሃ
የብረት በሩን ተቀብያለሁ። አስዋን ላይ ግን መምጫው ራሱ ተቀይሯል፣ በጎርፍ ወቅት በአንዴ ይመጣ የነበረው አሁን ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። ደግሞ ፍሳሽ ሁሌ ዓሣ ካመጣ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ለምን አላመጣም? ሚሲሲፒ የተሸከመው የእርሻ ናይትሮጅን አልጌውን ያፈነዳዋል፣ የሚበላው ያጣው አልጌ ይሰምጣል፣ ታች ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በ2017 ክረምት ኦክስጅን ያጣው ቦታ 22,720 ካሬ ኪሎሜትር ነበር፣ እዛ ከተለኩት ሁሉ ትልቁ። ያ ሁሉ ካርቦን ተመርቷል። የበላው ባክቴሪያ ነው።

#15 እጭ_ጠባቂ
ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር፣ አሁን ግን እጄን አሳከከኝ። እኔ ኦይስተር (የሚበላ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) የሚራባበት ቦታ ነው የምሠራው፣ ሥራዬ ለእጮቹ አልጌ ማብቀል ነው፣ ስለዚህ ሞገድ_7 "ስኳር ስኳር ነው" ስትል ሳቄ መጣ።

አንድ ወቅት ላይ ኃላፊው ወጪ እንቀንስ ብሎ ዱናሊየላ የሚባለውን አልጌ ብቻ አብቅሉ አለን። ዱናሊየላ ማብቀል ቀላል ነው፣ አይሞትም፣ ታንኩ እንደ ሣር አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲያዩት ደስ ይላል። እጮቹ በሉት፣ ሆዳቸው አረንጓዴ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ግን ቀኑ ይሄዳል እነሱ አያድጉም። ጥጋብ ላይ ረሃብ! ነገሩ ዱናሊየላ ውስጥ እነዛ ረጃጅሞቹ ቅባቶች፣ ዲኤችኤና ኢፒኤ የሚባሉት፣ የሉም። ኦይስተር ራሱ በበቂ መጠን ሊሠራቸው አይችልም፣ ካልበላቸው የለውም። ዓሣም ያው ነው፣ የዓሣ ዘይት የምንለው ዘይት መነሻው አልጌ ነው። ሳያኖባክቴሪያ ደግሞ ከነሱም ድሃ ነው፣ ስቴሮል የሚባለው ቅባትም የለውም ማለት ይቻላል።

ከዛ ወደ ድሮው ተመለስን፣ ኢሶክራይሲስና ኬቶሴሮስ የሚባሉ አልጌዎች ቀላቅለን፣ አንዱ ዲኤችኤ አንዱ ኢፒኤ ያመጣል። እጮቹ ተነሱ። ቅልቅል ከነጠላ እንደሚሻል በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ለዛ የጥናት ጽሑፍ አያስፈልግም። ሁለተኛው ጥቅም ደግሞ ታንክ በሚወድቅበት ቀን ነው የሚታይህ፣ ሁሉም አልጌ አብቃይ አንድ ጠዋት መጥቶ ታንኩ ግራጫ ሆኖ ሲያገኘው ያውቃል፣ አንድ ዝርያ ብቻ ካለህ በዛ ቀን አለቀልህ።

#16 ሞገድ_7
ይሄኛው ገባኝ። "ጥጋብ ላይ ረሃብ"... ሰላጤ ለ እሱ ይሆን?

#17 እንግዳ_22
እስካሁን የገባኝ ዳያቶም ጥሩ ሌላው መጥፎ ነው 😅

#18 ባለሌንሱ
ኧረ እንዳትል! ሱዶኒሺያ ቀጭን መርፌ የመሰለ የሚያምር ዳያቶም ነው፣ ዶሞይክ አሲድ የሚባል መርዝ ይሠራል። በ1987 ካናዳ ልዑል ኤድዋርድ ደሴት አካባቢ የተሰበሰበ ሙሰል (ሌላ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 3 ሞቱ፣ ከተረፉትም ትዝታቸው የጠፋባቸው ነበሩ። መጀመሪያ መርዙ ከዳያቶም ነው ሲባል ማን ያምናል፣ እስከዛ መርዝ ሲባል የሚጠረጠረው ዳይኖ ነበር። ዳይኖዎቹ ደግሞ በተራቸው ሁሉም ሽፍታ አይደሉም፣ ዲኤችኤ ጥሩ አድርገው ይሠራሉ፣ ኮራል ውስጥ ገብተው ኮራሉን የሚመግቡትም የነሱ ዘመዶች ናቸው። በስም ሳይሆን በዝርያ ነው የሚፈረደው፣ አንዳንዴ እንደውም አንዱ ዝርያ ውስጥ መርዛምና ሰላማዊ ዘር አለ።

#19 ደለል
ሰው ሁሉ ተንሳፋፊውን ብቻ ሲያወራ ስሜን ያወጣሁበት ነገር እንዳይረሳ። ጭቃው! ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው የጭቃ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ወርቃማ ቡናማ ወዝ ይወጣዋል፣ እሱ ዳያቶም ነው። ውሃው ሲሸሽ ከጭቃው ውስጥ ተንሸራተው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ውሃው ሊመለስ ሲል ተመልሰው ይገባሉ። ሲንሸራተቱ የሚያወጡት ሙጫ ነገር ጭቃውን ያያይዘዋል፣ ማዕበሉ በቀላሉ አይሸረሽረውም። ወንዝ ባሕር በሚገባበት ቦታ አንዳንዱ ጋ ከጠቅላላ ምርቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ከነዚህ ነው። የፓስፊክ ዳርቻ ላይ የሚሰደዱ ትንንሽ ወፎች አሉ፣ ምላሳቸው ጫፉ ላይ ብሩሽ ነገር ያለው፣ ያንን ወዝ ከጭቃው ላይ እየጠረጉ ይበሉታል። አልጌ በሊታ ወፍ! ከዳያቶም ወደ ወፍ አንድ ደረጃ። ቆጣሪው ይሄን አስላው።

ሞገድ_7፣ ሰላጤ ሀ ጭቃ ሜዳ አለው?

#20 ሞገድ_7
አለው፣ ሰፊ ነው፣ ወፎቹ የሚጮሁትም እዛ ነው... ሳተላይቱ ደግሞ እሱን በባሕር ክሎሮፊል ውስጥ አይቆጥርም አይደል። እኔ ደግሞ ጭቃ ብዬ ከካርታው ቆርጬ ነው የጣልኩት። 🤦

ቆይ ግን የመረቡን ነገር ማንም አልነካውም። ለ ላይ መረቤ ባዶ ወጣ እኮ፣ ውሃው ግን አረንጓዴ ነው። ሳተላይቱ ዋሽቶ ነው?

#21 ባለሌንሱ
የመረብህ ቀዳዳ ስንት ነው?

#22 ሞገድ_7
20 ማይክሮን ይላል።

#23 ባለሌንሱ
በቃ! ወንድሜ 20 ማይክሮን መረብ ሲኔኮኮከስን መያዝ ማለት በዓሣ መረብ ትንኝ ማጥመድ ነው፣ እሱ 1 ማይክሮን ገደማ ነው። ሀ ላይ የወጣልህ ቡናማ ዝልግልግ የዳያቶም ሰንሰለት ነው የሚሆነው፣ ለ ላይ ያሉት ደቃቆቹ በቀዳዳው ሾልከው ሄደውልሃል።

ግን ሌላም ይቻላል። ዳርቻ ላይ ወንዝ ይዞት የሚመጣው ሻይ መሳይ ነገርና ደለል ሳተላይቱን ያሳስተዋል፣ ክሎሮፊል ያልሆነውን ክሎሮፊል ይለዋል፣ የድሮዎቹ ሳተላይቶች በተለይ። በየካቲት 2024 የተላከችው ፔስ የምትባል ሳተላይት ቀለሙን በጣም በቀጫጭኑ ከፋፍላ ስለምታይ የአልጌ ቡድኖችን ለመለየት ተስፋ ተጥሎባታል፣ እሷም ብትሆን ግን ዝርያ አትቆጥርልህም።

ስለዚህ ውሃውን ራሱን ቅዳ። አንዱን ጠርሙስ ሉጎል አዮዲን (ሴሎቹ እንዳይበላሹ የሚያቆይ ፈሳሽ) ጠብ አድርግበት፣ ቀለሙ ቀጭን ሻይ እስኪመስል፣ ከዛ ጨለማ ቦታ አስቀምጥ። ፎርማሊን አይሁን፣ ልፍስፍሶቹ ፍላጀሌቶች (ባለ ጅራፎቹ) ይፈርሱብሃል፣ ከዛ የሉም ብለህ ትጽፋለህ፣ እኔ አንዴ እንደዛ ብዬ አፍሬያለሁ። ሌላውን ውሃ በየደረጃው አጣራው፣ መጀመሪያ በ20፣ ያለፈውን በ2፣ መጨረሻ ላይ በቀጭኑ የብርጭቆ ክር ማጣሪያ ወረቀት፣ የየአንዳንዱን ክሎሮፊል ለየብቻ ለካ። ደቃቆቹን በተራ ማይክሮስኮፕ ለማየት አትልፋ፣ ፍሎረሰንስ ያለው (ሴሎቹ ራሳቸው ሲያበሩ የሚያሳይ) ፈልግ፣ ፋይኮኤሪትሪን ያለው ሲኔኮኮከስ ብርቱካናማ ሆኖ ያበራልሃል።

#24 ቆጣሪው
እነዚህ ቁጥሮች ሲመጡ እዚህ ለጥፋቸው በናትህ፣ እኔ የደረጃውን ሂሳብ ልሥራባቸው።

#25 ሞገድ_7
ሦስት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ። ሠራሁት። ሀ ላይ ከክሎሮፊሉ አብዛኛው 20 ማይክሮኑ ላይ ቀረ፣ ሉጎል ያደረግኩበትን ስናየው ሰንሰለት ሞልቶ፣ ስኬሌቶኔማና ኬቶሴሮስ የሚባሉ ዳያቶሞች፣ በመሀል ደግሞ ስማቸውን ያልለየናቸው ብዙ። ለ ላይ 20ውም 2ቱም ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም አልፎ መጨረሻው ወረቀት ላይ ነው የቀረው። ፍሎረሰንስ ያለው ማይክሮስኮፕ ለምነን አገኘን፣ ብርቱካናማ ነጥብ በብርቱካናማ ነጥብ፣ ሌላ ነገር ብትፈልግ አታገኝም። ጠቅላላ ክሎሮፊሉ ግን ለ ላይ ከ5 ዝቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሳተላይቱም ትንሽ ዋሽቷል፣ እኔም ዋሽቻለሁ። ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት።

#26 ተጠራጣሪው
ጥሩ ሥራ ነው። ግን ከየቦታው ስንት ቀን ቀዳህ?

#27 ሞገድ_7
አንድ አንድ ቀን...

#28 ተጠራጣሪው
እንግዲህ ደለል ቅብብሎሽ ብሎሃል፣ አንተ ያየኸው አንዱን ሯጭ ነው። ምናልባት ለ ላይ ከወር በፊት ዳያቶም ነበር ሲሊካው አልቆበት ወርዷል፣ ምናልባት ከሁለት ወር በኋላ ሀ ላይም ብርቱካናማ ነጥብ ብቻ ታገኛለህ። ሲሊካውን ለክተሃል?

#29 ሞገድ_7
አልለካሁም። ኧረ እናንተ ሰዎች ሥራ አበዛችሁብኝ። ከሉጎሉ ጠርሙስ የተረፈኝ አለ ግን ለሲሊካ አይሆንም አይደል?

#30 ባለሌንሱ
አይሆንም፣ አዲስ ቅዳ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን፣ ብርጭቆው ራሱ ሲሊካ ያሟሟብሃል።